ከአሠሪዬ ጋር አብረን ጀመርን፤ እሱ ፎቅ ሠራ፣ እኔ ኪራይ ቤት ነኝ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጀሪካንና የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ፎርማን ነኝ። በ2009 ዓ.ም ስቀጠር ደመወዜ 3,200 ብር ነበር፤ አሁን 14,000 ደርሷል። ያኔ አሠሪዬ በኪራይ ሼድ ውስጥ ሁለት ማሽን ብቻ ነበረው። ዛሬ የራሱ ሼድ፣ ዘጠኝ ማሽንና አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለው። እኔ እስካሁን ተከራይ ነኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ታምሜ አሳክሞኛል። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አለ። እሱ ሌባ ነው ወይስ እኔ ሰነፍ? ደግሞ ከባለቤቴ ጋር በዕቁብ 180 ሺህ ብር ይዘናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፕላስቲክ መፍጫ ማሽን በጋራ እንግዛ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ ልበልህ። ሰነፍ አይደለህም። እሱም ሌባ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አልጻፍክልኝም። የሚገርመው፣ አሁን ያለው ልዩነት እንዲመጣ የአንተ ስንፍናም የእሱ ሌብነትም አላስፈለገም። ሁለታችሁም በትጋት እየሠራችሁ፣ ሁለታችሁም ሕግ እያከበራችሁ፣ እዚሁ ትደርሱ ነበር።

11 ዓመት በአንድ ባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። የስንቱን ሰው የሒሳብ መግለጫ እንዳገላበጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሀብት የሚለያየው በደመወዝ ቀን አለመሆኑ ነው። ወሩ 30 ቀን አለው። ደመወዝ የሚወጣው በአንዱ ቀን ነው። በቀሩት 29 ቀናት ያንተ ገንዘብ ምን ሆኖ ይቀመጣል? የእሱስ? የጥያቄህ መልስ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ያንተን ደመወዝ እንየው። ከ3,200 ወደ 14,000 ማለት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ለሰው ሲነገር ደስ ይላል። ግን በ2009 ዓ.ም አንድ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ደመወዝህ 145 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አሁን ከ140 በላይ ሆኗል። 14,000 ብርህን በዚህ ብታካፍለው 100 ዶላር አይሞላም።

«እኔ ዶላር አልበላም» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ የልጅህ ጫማ ግን በዶላር ነው ወደብ የሚደርሰው። የእናንተ ጀሪካን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነው።

ደግሞ 14,000ው ሙሉውን እጅህ አይገባም። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ 2,850 ብር ግብር ይቆረጥብሃል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 980 ብር ይሄዳል። የሚቀርህ 10,170 ብር ነው። (በድሮው ስሌት ግብሩ 3,400 ይሆን ነበር። ማሻሻያው በወር 550 ብር አትርፎልሃል። ምስጋና እንዳልነፍግ ብዬ ነው።) እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሠርተህ፣ ፎርማን ሆነህ፣ ስንት ልጅ አሠልጥነህ፣ የመግዛት አቅምህ ከተቀጠርክበት ቀን ያነሰ ነው። ይህ ስንፍና ከሆነ የብሩ ስንፍና ነው።

አሁን ወደ እሱ። የአሠሪህን ሒሳብ ስላላየሁ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ራሴ ላስቀምጥ። በ2009 ዓ.ም ከባንክ 5 ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። ወለዱ 14 በመቶ፣ መክፈያው አምስት ዓመት። በገንዘቡ ማሽን አስመጣ። በወር በወሩ ሲከፍል ቆይቶ በመጨረሻ ወለዱን ጨምሮ 7 ሚሊዮን ብር ገደማ ከፈለ። ያኔ 5 ሚሊዮን ብር ወደ 227 ሺህ ዶላር ነበር። ያንኑ ማሽን በዚያው የዶላር ዋጋ ዛሬ ላስመጣ ቢል ከ30 ሚሊዮን ብር በላይ ይጠይቀዋል።

ሰባት ከፍሎ ሠላሳ የሚያወጣ ነገር ይዟል ማለት ነው። እርግጥ ማሽን ያረጃል። ሼዱና ሕንፃው ያረፉበት ቦታ ግን አያረጅም። ለዚያ ነው ያገራችን ባለሀብት ከማሽን ትርፍ ቀንሶ ወደ ፎቅ የሚሮጠው። ያንተም አሠሪ ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ ዘጠኝ ማሽን ከመሙላቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም ሕንፃውን የጀመረው።

ልዩነቱ ሲጨመቅ ይኸው ነው። አንተ ያለህ ብር ነው። እሱ ያለው ዕቃ ነው። የእሱ ዕዳ ደግሞ በብር ነው። ብር በረከሰ ቁጥር ያንተ ሀብት ይቀልጣል፣ የእሱ ዕዳ ይቀልጣል። የሚቀልጠው ያው ብር ነው፤ የቆማችሁበት ጎን ግን ለየቅል ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ይኼኛው ትንሽ ያማል። ባንክ የሚያበድረው ከራሱ ኪስ አውጥቶ አይደለም። ሰው ካስቀመጠው ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነበር። ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። አብዛኛው ሰው ያገኘው እሱኑ ነው። ታዲያ 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 107 ሺህ ብር ያገኛል። ገበያ ሲወጣ ግን የአምናው 82 ሺህ ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው የሚገዛለት። በሁለት ዓመት ወደ 68 ሺህ ይወርድበታል።

ያ 32 ሺህ ብር አየር ላይ አልጠፋም። በርካሽ የተበደረው ሰው ጋ ነው ያለው። መንግሥትም ከእነዚህ ተበዳሪዎች አንዱ ነው፤ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም። ሌላው ትልልቁ ነጋዴ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም ባወጣው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት ላይ፣ አሥር ተበዳሪዎች ብቻ ከባንኮች ጠቅላላ ብድር ወደ ሩብ የሚጠጋውን እንደያዙ አስቀምጧል። አሥር! ያን ብድር በገንዘባቸው የሞሉት ደግሞ ደብተር ይዘው የሚሰለፉ ሚሊዮኖች ናቸው። ዕጣ የሚጠብቀው፣ ለልጁ ትምህርት የሚያጠራቅመው፣ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ የምትልከው። ጽዳት ሠራተኛዋ ለባለ ፎቁ ታበድረዋለች ብልህ አትስቅብኝ። ወረቀቱ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ ሠራተኛው ለምን አይበደርም?» ይላሉ። እስቲ አንድ የራሴን ትዝታ ላውራህ። አንድ ቀን ቶርኖ ሠሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። እጁን ብታየው ሰላምታ ሳይሰጥህ ሙያውን ታውቃለህ። ለራሱ አንድ ያገለገለ ቶርኖ ለመግዛት 300 ሺህ ብር ፈለገ። ደንበኞቹን በስም ዘረዘረልኝ። በወር ስንት ቡሽንግ እንደሚያወጣ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ የመብራት ወጪውን ጭምር ጽፎ መጥቷል። ከእኔ የተሻለ የንግድ ዕቅድ ነበረው። ማስያዣ አልነበረውም። ሸኘሁት። በዚያው ሳምንት ባለ ሕንፃ ደንበኛ በስልክ አወራ፣ መጥቶ ሻይ ጠጣ፣ በ12 ሚሊዮን ብር ፋይሉ ተከፈተ። ለምን እንደፈለገው በደንብ ያስረዳኝ እንኳ አይመስለኝም። ሕንፃው ነበር የተናገረለት።

መመሪያውን ነበር የተከተልኩት። ግን ለዚያ ሰው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በ2011 ዓ.ም በሚንቀሳቀስ ንብረት ብድር ማግኘት የሚያስችል አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 1147 ነው። ማሽን፣ ከብት፣ ሌላ ሰው ለተበዳሪው ያለበት ዕዳ ሁሉ ማስያዣ መሆን ይችላል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ሕግ ከወረቀት ወርዶ የብድር ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይፈጃል። ኮሚቴው አሁንም ቤት ሲያይ ነው ልቡ የሚረጋው።

ሀብታም የሚያደርገው ብልጠት ነው ለሚሉ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙን ነገር አስታውሳቸዋለሁ። በ1997 ዓ.ም ተመዝግበው ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች አስብ። መምህር፣ ነርስ፣ ጸሐፊ፣ ሹፌር። 20 በመቶውን ከፈሉ፣ 80 በመቶውን ንግድ ባንክ አበደራቸው። ወርሃዊ ክፍያው መጀመሪያ ላይ አንገት ያንቅ ነበር። ምሳ እየዘለለ የከፈለ አውቃለሁ። ከስድስት፣ ሰባት ዓመት በኋላ ያው ክፍያ የአንድ ክፍል ኪራይ የማይሞላ ሆነ። ቤቱ ግን በሚሊዮን ይጠራል። ልክ እንደ አሠሪህ፣ ዕዳቸው በብር ሀብታቸው በዕቃ ሆነላቸው። ከእነሱ መካከል ብልህ ስለሆነ የተመረጠ የለም። ዕጣ ነው ያወጣቸው! ዕጣ ያልወጣለት፣ ምናልባትም አጠገባቸው ያለው ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው መምህር፣ ዛሬም ከአከራይ ጋር ይጨቃጨቃል። ደመወዛቸው እኩል ነው። በ2005 ዓ.ም እንደገና ሲመዘገብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው የወጣው። አብዛኛው እየቆጠበ መጠበቁን ቀጠለ። ስለ ቁጠባ ያልኩህን እዚህ ላይ አስታውስ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሀብት ነው። ስለ ጉልበትስ? አሠሪህ ከአንተ የሚበልጥበት ሌላው ነገር መጠበቅ መቻሉ ነው።

ደመወዝ ጨምርልኝ ብለህ ቢሮው ገባህ እንበል። ካልተስማማችሁ ምን ይሆናል? እሱ አንድ ማሽን ለሁለት ሳምንት ያቆማል። ይጎዳል፣ ግን እራቱን ይበላል። አንተ ሁለት ወር ሥራ ብታጣ የቤት ኪራይ አለ፣ ወተት አለ፣ የዕቁብ መጣያ አለ። ሁለታችሁም ይህን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ድርድሩ የሚያልቀው ሳይጀመር ነው። እሱ «ውጭ ስንቱ ሥራ ፈልጎ ቆሟል» ማለት እንኳ አያስፈልገውም። በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያና ከሥሩ የተሰለፈው ወጣት ይናገርለታል። የባለሀብት ጉልበት ሲባል ሰው ስለ ጉቦና ስለ ባለሥልጣን ዘመድ ያስባል። እሱም አለ። ግን በየቀኑ የሚሠራው ይኼኛው፣ ዝም ብሎ የመጠበቅ ጉልበት ነው።

የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውሰድ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም ተመረቀ። የቻይና ተቋራጭ ሠራው፣ 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት። የዓለም ትልልቅ የልብስ ብራንዶች መጡ። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር ልጃገረዶች በአውቶቡስ እየመጡ ተቀጠሩ። በ2011 ዓ.ም የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ከዓለም የልብስ አምራቾች ሁሉ ዝቅተኛው ብለው ጻፉት። 26 ዶላር ለምን ሆነ? ልብሱ ስለረከሰ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያ ሸሚዝ በስንት እንደሚሸጥ እዚያ ያለ ዘመድህን ጠይቀው። ደመወዙን የወሰነው ልጅቷ ወደ ኋላ ብትመለስ የሚጠብቃት ነገር ነው። ወደ ኋላ ምንም ከሌለ፣ 26 ዶላርም ደመወዝ ይባላል።

ግን እዚያ አንድ የማይጠበቅ ነገር ሆነ። ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። በ26 ዶላር ኪራይ ከፍለው፣ ተቃቅፈው በአንድ ክፍል አራት ሆነው ተኝተው፣ ለቤተሰብ የሚላክ ምንም ሲያጡ፣ «ለዚህማ አገሬ ይሻለኛል» አሉ። ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ የቀጠሩትን ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ የመተካት ያህል ሆነባቸው። ሥልጠናው ኪሳራ፣ ምርቱ ቀርፋፋ። በርካሽ ደመወዝ ላይ የቆመው ስሌት በራሱ በርካሽነቱ ተናጋ። ምሁር ሁሉ «የሥራ ባህል የላቸውም» ብሎ ሲጽፍባቸው እኔ በሆዴ እስቅ ነበር። ያላቸውን ብቸኛ የመደራደሪያ ጉልበት ነው የተጠቀሙት። እግራቸውን። በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉን አገደች። ትልልቆቹ ገዥዎች ወጡ። ያኔም የከሰሩት ሌላ አገር ሄደው ጀመሩ፤ ልጆቹ ግን ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ። እንግዲህ ማን መጠበቅ እንደሚችል እየው።

«መንግሥትስ የደመወዝ ወለል አያስቀምጥም ወይ?» ማለትህ አይቀርም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ሠራተኛ ማኅበራቱን የሚያስተባብረው ኢሠማኮ ለዓመታት ሲጮህበት የኖረ ጉዳይ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ወለሉ ሳይነጠፍ ዓመታት ነጎዱ። የመንግሥት ሠራተኛው ቢያንስ ቁጥር አለው። ዝቅተኛው 1,100 ነበር፣ በ2017 ዓ.ም 4,760 ሆነ፣ ቀጥሎ 6,000 ብር ተባለ። በግሉ ዘርፍ ሰው ከዚያ በታች ቢቀጠር ሕግ ተጣሰ የሚባል ነገር የለም።

ወለል ቢነጠፍ ፋብሪካ ይዘጋል የሚል ክርክር አለ። ጨርሶ ሐሰት አይደለም። በጣም ከፍ አድርገህ ብትቆርጠው ትንንሾቹ ይዘጋሉ። ግን ዜሮ ሆኖ መቅረቱን ክርክሩ አያጸድቀውም። የምናወራው ኪራይና እንጀራ ስለሚችል ቁጥር ነው።

በእጅህ ያለውን ግን አትናቀው። ከአሥር ሠራተኛ በላይ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። ማኅበር ሲኖር የኅብረት ስምምነት መደራደር ይመጣል። ብቻህን ቢሮ ስትገባ ያጣኸውን የመጠበቅ አቅም በከፊል የሚመልስልህ እሱ ነው፤ አንድ ፎርማን ይተካል፣ አርባ ሰው በአንድ ቀን አይተካም። የትርፍ ሰዓትህንም ቁጠር። በሥራ ቀን ከመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሌሊት 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። «ሲቀናን አስብልሃለሁ» እየተባለ ስንት ሰው በቀጥታ ተመን ሲሠራ ይኖራል። ከአሠሪህ ጋር ያለህን ደግነት አውቃለሁ። ያሳከመህ ሰው ነው። ግን ሕክምናው ችሮታ ነው፣ የትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ዕዳ ነው። አንዱ በሌላው አይካካስም።

ለእሱም አንድ ሁለት ነገር ልበልለት። ይህን ጽሑፍ ካነበበ ሙግት እንዳይገጥመኝ። መጀመሪያ፣ ከእሱ ጋር አብረው በ2009 ዓ.ም ተበድረው የጀመሩ ስንቶቹ እንደከሰሩ አታይም። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ጥሬ ዕቃ ሲጠብቅ ማሽኑ ዝጎ፣ ወለዱ ሲቆጥር፣ ቤቱ ሐራጅ የወጣበት ስንቱ ነው። የሐራጅ ማስታወቂያ ራሴ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ሁለተኛ፣ ግብሩን በወረቀት ካየኸው ከአንተ ያነሰ አይከፍልም። ድርጅቱ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። የቀረውን እንደ ትርፍ ድርሻ ሲያወጣ በ2008ቱ አዋጅ ስሌት 10 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። በዚያ ስሌት ሲደመር ከመቶው 37 ብር ነበር። «ሀብታም ግብር አይከፍልም» የሚባለው በደፈናው ሲሆን አልወደውም።

ነገሩ ያለው ከመደመሩ በፊት ነው። የእሱ መኪና፣ ነዳጅ፣ ስልክ ሁሉ ከድርጅቱ ሒሳብ እየወጣ ትርፉን ይቀንሳል። ግብር የሚከፈለው ከዚያ በኋላ በተረፈው ላይ ነው። አንተ ግን ግብርህ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ታክሲህ በኋላ ይከፈላል። ደግሞ ሕንፃው በዓመት በሚሊዮን ብር ሲወደድ፣ እስኪሸጠው ድረስ በዚያ ጭማሪ ላይ የገቢ ግብር የለበትም። ያንተ 500 ብር ጭማሪ ግን ገና ሳታያት ግብሯ ይነሳል። በ2017 ዓ.ም የንብረት ታክስ አዋጅ ፀድቋል። ሥራው ባለ ብዙ ሕንፃው ላይ ይከብዳል ወይስ አንዲት ኮንዶሚኒየም ባላት ጡረተኛ ላይ ይወድቃል የሚለውን ቁጭ ብለን የምናየው ነው።

አንባቢዎቼ አልፎ አልፎ «ኢትዮጵያ ውስጥ እኩልነቱ ከብዙ አገር ይሻላል፣ ጂኒ የሚባለው መለኪያ 35 ብቻ ነው» ብለው ይጽፉልኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. ልኬት ቁጥሩ ልክ ነው። ግን የሚለካው የቤተሰብ ፍጆታን ነው። ሰው ምን በላ፣ ምን ለበሰ ነው የሚጠይቀው። አንተና አሠሪህ ሽሮም ትበላላችሁ ክትፎም ትበላላችሁ፤ እሱ የሚበላው ካንተ መቶ እጥፍ አይሆንም፣ ሆዱ አይችለውም። ያለው ሀብት ግን መቶ እጥፍ መሆን ይችላል። በዓለም ደረጃ በሀብት ሲለካ ልዩነቱ ዓይን ያወጣል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የላይኛው 10 በመቶ ሕዝብ ከዓለም ሀብት 76 በመቶውን ይዞ ነበር። የታችኛው ግማሽ ሕዝብ 2 በመቶ ብቻ።

እሺ፣ ወደ 180 ሺህ ብርህ።

ሁሉንም ማሽን ላይ እንዳታውል። ከዚያ ላይ አራት ወር የምትኖርበትን ቀንስ፤ ባነሰ ስሌት 45 ሺህ ብር ይሆናል። እሱን ባንክ አስቀምጠው። አዎ፣ ይረክሳል። አሁን ስለ ቁጠባ የሰደብኩትን እኔው አስቀምጥ እያልኩህ ነው። ግን ይህ ገንዘብ ለትርፍ አይደለም። ቢሮ ገብተህ ስትደራደር እግርህ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። አራት ወር መጠበቅ የሚችል ፎርማንና አራት ቀን መጠበቅ የማይችል ፎርማን አንድ ዓይነት ድምፅ የላቸውም።

አክሲዮንም አስበህ ይሆናል ብዬ ላንሳው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር አንዱ 300 ብር ነበር። ትንሹ ግዢ ግን 33 አክሲዮን ነው፤ 9,900 ብር። ለመንግሥት ዝቅተኛ ተከፋይ በወቅቱ የሁለት ወር ደመወዙ ነው። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ገዥው ወደ 47 ሺህ ሰው። በሩ ተከፍቷል፣ ደጃፉ ከፍ ያለ ነው። አንተ ደጃፉን ማለፍ ትችላለህ። የተወሰነውን እዚያ ብታስገባ አልቃወምም፤ ነገ ለሕክምና የምትፈልገውን ገንዘብ ግን አይደለም። «በወር 20 በመቶ እንከፍላለን» የሚልህን ደግሞ ሰላምታም አትስጠው።

መፍጫው ልቤን ስቦታል። ሥራውን ታውቀዋለህ። የተፈጨ ፕላስቲክ ማን እንደሚገዛ፣ የቱ ቀለም እንደሚፈለግ፣ ቆሻሻው ሞልዱን (የዕቃውን ቅርጽ ማውጫ) ምን እንደሚያደርገው ከማንም ባንክ በላይ ይገባሃል። ዕቃ ነው፣ ብር አይደለም፤ ይህም ደግ። ግን ከመግዛትህ በፊት ሦስት አራት ነገር አጣራ። ቤቱ ስሪ ፌዝ መብራት አለው? ከሌለው ማስገቢያው ስንት ወር ይፈጃል? ሀይላንድና የተሰበረ ጀሪካን የሚያመጡላችሁ ቆራሌዎች በኪሎ ስንት ይላሉ? ዝናብ ሲሆንስ? ጎረቤቱ ጩኸቱን ይችለዋል? ከባልደረባህ ጋር ያላችሁን ድርሻ ደግሞ አሁን፣ ፍቅር እያለ፣ ጽፋችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ፈርሙ። ካተረፈ በኋላ መጻፍ ከባድ ነው። ከከሰረ በኋላም እንደዚያው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ማን ይገዛችኋል የሚለው ነው። የተፈጨውን ለአሠሪህ ብቻ ልታስረክቡ ከሆነ፣ ሐሳቡ ደካማ ነው። ዋጋውን እሱ ይቆርጣል፣ ክፍያውን እሱ ያዘገያል፣ መጠበቅ የሚችለው አሁንም እሱ ይሆናል። ቢያንስ ሦስት ገዥ ፈልጉ፤ መርካቶና ቃሊቲ አካባቢ ተዘዋውራችሁ በአፍ ሳይሆን ናሙና ይዛችሁ ጠይቁ። ለአሠሪህም ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ራስህ ንገረው። ከሥራህ ደግሞ ወዲያው አትውጣ፤ ባልደረባህ ወይም ባለቤትህ ቀን ቀን ትቆጣጠረው እንደሆነ ተነጋገሩበት።

የመፍጫውን ዋጋ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚፈጭ፣ የቤት ኪራዩንና ገዥዎቹ በኪሎ ያሉህን ዋጋ ጻፍልኝ። ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።